ከቶሮንቶ እስከ ወላይታ ሶዶ



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በውጭ አገር አድገው በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩ ልጆቻችን የዕረፍት ጊዜያቸውን አገር ቤት መጥተው በነፃ በማገልገል ለማሳለፍ ሲጠይቁ እንሰማለን። አንዱ እንግሊዝኛ ላስተምር ይላል፤ ሌላዋ የቲሞችን ልንከባከብ ትላለች። የሥነ ልቡና ትምህርት የሚከታተሉት ደግሞ የአእምሮ ሕሙማንን ለመርዳት ይመኛሉ። ኒያው የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን መልካም ኒያ ብቻውን መንገድ አያሳይም። ተማሪው ከመነሳቱ በፊት፣ ወላጅም ልጁን ከመላኩ በፊት፣ «ለማን? ለስንት ጊዜ? በምን ሙያ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የአእምሮ ሕመምተኛ በቤተሰቡም ሆነ በሐኪሙ እጅ ያለ አማና ነውና።

በካናዳ አገር፣ ቶሮንቶ ከተማ ሥነ ልቡና የምትማረው የእህቴ ልጅ በዚሁ ሐሳብ ባለፈው ክረምት ስትመጣ፣ እኔ መሕረሟ በመሆኔ ከአዲስ አበባ እስከ ወላይታ ሶዶ አብሬያት ተጓዝኩ፤ ስድስቱንም ሳምንት አብሬያት ቆየሁ። ያየነውን፣ የተማርነውንና በመንገዱ ላይ ያለውን ታሪክ ለአንባቢያን ይጠቅማል ብዬ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

ሁለቱ ሶዶዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያደርሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በሞጆና በሻሸመኔ የሚዞረው ነው። ሁለተኛው በዓለም ገና ወጥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የሚያልፈው ሲሆን፣ ርዝመቱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ የመረጥነው ይህን ሁለተኛውን ነበር።

የአዋሽን ወንዝ መልካ ቁንጡሬ አካባቢ ተሻግረን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት የጥያ ትክል ድንጋዮች የቆሙበትን መንደር አልፈን ቡኢ ከተማ ስንደርስ፣ የእህቴ ልጅ «ሶዶ ወረዳ» የሚል የመንገድ ዳር ሰሌዳ አንብባ «አጎቴ፣ ደረስን እንዴ?» አለችኝ። ሾፌሩ ሳቀ። ይህ ሶዶ የጉራጌው ሶዶ ነው። የወላይታው ሶዶ ገና ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል።

የስሙ መመሳሰል የሚያሳስተው እርሷን ብቻ አይደለም። በአእምሮ ሕክምና ጥናት ውስጥ «ሶዶ» የሚለው ስም በዓለም የታወቀው በዚህ በቡኢው ሶዶ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ ፕራይም የተባለ መርሐ ግብር ሲካሄድ፣ ለኢትዮጵያ የተመረጠው ወረዳ የጉራጌው ሶዶ ነበር። የሐሳቡ ፍሬ ቀላል ነው። አገሪቱ ያሏት የአእምሮ ሐኪሞች ጥቂት ስለሆኑ፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሥልጠና ወስደው የአእምሮ ሕሙማንን እዚያው በቅርብ እንዲያክሙ ማድረግ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸውና በጥናቱ ከተካተቱት ሰዎች መካከል፣ ከመጀመሩ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ከአራቱ አንዱ ያህል ታስረው ወይም በሰንሰለት ተይዘው ያውቁ ነበር። ሕክምናው ከተጀመረ ከዓመት በኋላ ይህ ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል። ሰንሰለቱን የፈታው ፖሊስ ወይም ክስ ሳይሆን፣ በእግር ሊደረስበት የሚችል ጤና ጣቢያና በየወሩ የሚሰጥ ኪኒን ነው።

ከቡኢ ቀጥሎ ያለው ቡታጅራ ደግሞ ከዚያ የበለጠ የቆየ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር። በኋላም፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት እየተጠየቁ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። አብዛኞቹ ሕመምተኞች በሕይወታቸው አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ የታወቀው በዚያን ጊዜ ነበር። የእህቴ ልጅ ስለ ቡታጅራ በትምህርት ክፍሏ አንብባ ኖሮ፣ መኪናው ለምሳ ሲቆም ወርዳ ገበያውን፣ በርበሬውንና ባጃጁን አተኩራ ታይ ነበር። ከመጽሐፍ የምታውቀው ስም ሰው የሚኖርበት ከተማ ሆኖ ስላገኘችው ነው።

ዙህርን ወራቤ ሰገድን። የስልጤ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በወራቤ ለሙስሊም መንገደኛ ስግደትም ሐላል ምግብም አያስቸግርም። ከዚያ ሆሳዕናን፣ ቀጥሎም አረካን አልፈን ከመግሪብ በፊት ወላይታ ሶዶ ገባን።

በዳሞታ ተራራ ሥር

ወላይታ ሶዶ የተቆረቆረችው ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር በሚጠጋው በዳሞታ ተራራ ሥር ነው። በክረምት ጠዋት ተራራው ጉም ለብሶ አይታይም። ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። በየቤቱ ጓሮ እንሰት አለ፤ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎና ቦሎቄ አለ። አፈሩ ቀይ ነው። ዝናብ ሲመታው ጫማ ላይ ይጣበቃል፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ጣቶች መካከል ይገባል። ስለዚህ ቀይ አፈር ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

የወላይታ ምድር በምዕራብ ኦሞን፣ በምሥራቅ ብላቴን፣ በደቡብ የአባያን ሐይቅ ይዋሰናል። የራሱ ነገሥታት የነበሩት ሕዝብ ሲሆን፣ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የተሸነፉት ከብርቱ ውጊያ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይም ከ300 በላይ ሰው ይኖር ነበር። መሬቱ ለአባት እንጂ ለልጅ የማይበቃው ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ጫማ የሚጠርጉትንና ሎተሪ የሚያዞሩትን ልጆች አገራቸውን ብንጠይቃቸው ብዙዎቹ ወላይታ የሚሉን ከዚህ የተነሳ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች።

አብዛኛው የወላይታ ሕዝብ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው። በሶዶ ከተማ ግን ከአዛን አልራቅንም። በገበያው ጨርቅና ሸቀጥ ከሚነግዱት መካከል ከስልጤና ከጉራጌ የመጡ ሙስሊሞች አሉ። ጎረቤት ከጎረቤቱ በሐዘንም በደስታም አይለይም፤ በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲከበርም ሆነ በዒድ ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» መባባሉ የተለመደ ነው። በወላይትኛ ሰላምታው «ሳሮ» ነው፤ ትርጉሙም ሰላም ማለት ነው። ሰውን ሰላም በሚል ቃል ከሚቀበል ሕዝብ ጋር ለመግባባት ሙስሊም የመጀመሪያው እርምጃ አያስቸግረውም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ቋንቋ ይፈልጋል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የእህቴ ልጅ የተመደበችበት የጤና ተቋም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች ተራ ይጠብቃሉ። ክፍሉን የሚመራው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሲሆን፣ አስታማሚው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። በትሕትና ተቀበለን፣ ሻይ አስመጣልንና ልጅቱን ሦስት ነገር ጠየቃት።

«እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ወላይትኛ ትችያለሽ?»

«አልችልም። አማርኛም እየተንተባተብኩ ነው።»

«ስንት ሳምንት ትቆያለሽ?»

«ስድስት።»

«ስትሄጂ ማን ይተካሻል?»

ዝም አለች።

«እንግዲያው ሕመምተኛ ለብቻሽ ይዘሽ ሐዘኑን አታናግሪውም» አላት። «ቁስሉን የከፈተ ሰው እስኪሽር ድረስ ማጠብ አለበት። አንቺ ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት ትሄጃለሽ። ሥራ ግን አለሽ፤ ከተስማማሽ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነይ።»

ሥራው የሕመምተኞችን ካርድ እያዩ በቀጠሮ ቀን ሳይመጡ የቀሩትን መዝግቦ ማውጣት ነበር። በመጀመሪያው ማታ ፊቷ ጠቁሮ «አጎቴ፣ ካርድ ለመደርደር ነው እንዴ እዚህ ድረስ የመጣሁት?» አለችኝ። እኔም አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጅ የሆነው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን አስታወስኳት። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ዝርዝሩ ሲወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከጠፉት ሕመምተኞች መካከል ስልክ ያላቸው በነርሱና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየተጠየቁ የቀሩበት ምክንያት ተመዘገበ። አንዱ ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ አጥቶ፣ ሌላው ከመድኃኒት ቤቱ «አልቋል» ተብሎ ተመልሶ፣ ሌላዋ ደግሞ ተሽሏት «ድኛለሁ» ብላ መድኃኒቱን ራሷ አቋርጣ ነው። ይህ ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሰውን ደህና አድርጎ የሚያቆየው በሚወሰድበት ጊዜ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

የአንዲት እናት ደብተር

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የገበያ ነጋዴ እናት የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት። በአገራችን ይህን በሽታ በብዛት የሚያክሙት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው። ልጅቷ ምድጃ አጠገብ ሳለች ጥሏት ግራ እጇ ተቃጥሏል። አጠገቧ ሰው ነበር። አረፋው ይተላለፋል ብሎ ስለፈራ ግን አልነካትም። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤትም አልሄደችም።

እናቲቱ ሙስሊም ስትሆን ወላይትኛም፣ ስልጥኛም፣ አማርኛም ትናገራለች። ቁርኣን ያስቀራችላቸው ሸኽ «መቅራቱን እቀራላታለሁ፤ የሐኪሙንም መድኃኒት እንዳታቋርጪ» ብለዋት ነበር። መድኃኒቱ ቤቷ አለ። ታዲያ ለምን አልሠራም? ነርሱ በትዕግሥት ሲጠይቃት ምክንያቱ ተገኘ። እንዳያልቅባት ስትቆጥብ፣ ኪኒኑን ለልጇ የምትሰጣት በጣላት ዕለት ብቻ ነበር።

ነርሱ ፌኖባርቢታል በየማታው ካልተወሰደ በደም ውስጥ እንደማይቆይ፣ ድንገት ሲቋረጥም ሕመሙን እንደሚያባብሰው አስረዳት። እናቲቱ ማንበብ ስለማትችል፣ የእህቴ ልጅ በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ጨረቃ ሣለችላት። ኪኒኑ ሲዋጥ ጨረቃዋ ላይ መስመር ይሰመራል፤ ልጅቷን ሲጥላት ከጎኑ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል። ደብተሩን የምትይዘው ራሷ ልጅቷ ሆነች።

በየሳምንቱ ይጥላት የነበረው ሕመም በአራት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ለመመለስ ስንዘጋጅ መድኃኒቱ በመንግሥት መድኃኒት ቤቶች ጠፋ፤ በግል መድኃኒት ቤት መግዛት ግድ ሆነ። በዚያች ቀን የነርሱ ሦስተኛ ጥያቄ ሙሉ ትርጉሙ ገባን። እኛ ስንሄድ ልጅቷ እዚሁ ትቀራለች። የዚያን ዕለት ከዒሻ በኋላ ጉዳዩን ለመስጊዱ ጀመዓ ስናነሳ፣ ሁለት ነጋዴዎች ለአንድ ዓመት መድኃኒቷን እንደሚሸፍኑ ቃል ገቡ። ወደ ትምህርት ቤት ትመለስ አትመለስ የሚለው ግን እስከ ሄድንበት ቀን ድረስ አልተወሰነም ነበር። መምህራኑ ክፍል ውስጥ ቢጥላት ምን እንደሚያደርጉ የነገራቸው አልነበረም።

የሚደረገው ግን ብዙ አይደለም፤ አንባቢም ይያዘው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ከእሳት፣ ከውኃና ከስለት ይራቅ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ይደረግ፤ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ይተኛ። በአፉ ማንኪያም ሆነ ጣት አይገባም፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅምም። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሕመሙ በንክኪ አይተላለፍም።

ቀዩ አፈርና የተሰበረ ልብ

ስለ ቀዩ አፈር እንመለስ። በወላይታ በገበያ ቀን እግራቸው እስከ ጉልበት ያበጠ ሰዎች ይታያሉ። ሕመሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው የእግሩን የፈሳሽ መተላለፊያ ያውካሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከመቶው ሰው ከአምስት በላይ ይህ ሕመም እንዳለበት አሳይቷል። ሕመምተኞቹ ከሥራ አቅማቸው 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጡ ደግሞ በ2006 ታትሟል።

ይህ ከአእምሮ ጤና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ሕመሙ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ ሰው እርግማን ወይም ተላላፊ ይለዋል። እግሩ ያበጠውን ሰው ልጅ የሚያገባው አይገኝም፤ በሠርግና በለቅሶ አጠገቡ የሚቀመጥም የለም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት በቤተሰብ የሚወረሰው ለአፈሩ ተጋላጭ የመሆን ባሕርይ ነው። ያ ባሕርይ ያለው ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ ላይታመም ይችላል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገ ሌላ ጥናት የድብርት ምልክት የታየባቸው ከሕመምተኞቹ መካከል ከመቶ 12 ያህሉ ሲሆኑ፣ ከጤነኞቹ ጎረቤቶቻቸው መካከል ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም።

በሶዶ ኑሯቸውን ያደረጉት አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው «ሞሲ ፉት» የተባለውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት ይህን አይተው ነው። ሕክምናው እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ራሳቸው ታመው የተሻላቸው ሰዎች ሠልጥነው ሌሎችን እንዲያስተምሩ መደረጉ ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ተስፋ አለህ ቢለው ሕመምተኛው ይጠራጠር ይሆናል፤ ትናንት እንደ እርሱ ያበጠ እግር የነበረው ጎረቤቱ ሲያጥብለት ግን ያምናል።

ከቶሮንቶ የመጡት መምህራን

የእህቴ ልጅ ከምትማርበት ከተማ ወደ አገራችን ለአእምሮ ሕክምና የመጣችው እርሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ነበር። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ሐኪሞች ግን በውጭ አገር ካልሆነ በአገር ውስጥ ስፔሻሊቲውን የሚማሩበት ቦታ አልነበረም፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ።

በዚያ ዓመት እነ ዶክተር አታላይ ዓለምና ዶክተር መስፍን አርአያ በነበሩበት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመት የስፔሻሊቲ ትምህርት ተከፈተ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር ክሌር ፔይን፣ በነፃ ለማስተማር ተስማሙ። የአሠራሩ ደንብ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ወር፣ መምህራንና በሥልጠና ላይ ያለ አንድ ተማሪ ሐኪም ይመጣሉ። ምን እንደሚማር የሚወስነው አዲስ አበባ ነው። እንግዶቹ የአገሩን ሐኪም ተክተው ማከም ሳይሆን፣ ነገ የሚያክመውን ማስተማር ነበር ሥራቸው። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች በ2006 ተመረቁ፤ አብዛኞቹም አገራቸው ቀሩ። ዛሬ በአገሪቱ ያሉት የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከመቶ አልፏል። የሕዝቡ ብዛት ሲታይ ገና ጥቂት ነው፤ ከአሥራ አንድ ተነስቶ እዚህ መድረሱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ወር ብቻ የሚቆይ እንግዳ ይህን ያህል ሊጠቅም የቻለው ቀጥሎ የሚመጣው ተተኪ ስለተዘጋጀና ሥራው የባለቤቱ ስለሆነ ነው። ነርሱ በሶዶ የጠየቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች እነዚያ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት መልሰዋቸው ነበር ማለት ነው።

የእኛ ውርስ

አንዳንድ ሰው የአእምሮ ሕክምናን ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አድርጎ ያየዋል። ታሪካችን ግን ሌላ ነው። ኑረዲን ዘንጊ በደማስቆ ቢማሪስታን ያሠሩት እ.ኤ.አ. በ1154 ነው። የካይሮው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታል በ1284፣ የሐለቡ አርጉን በ1354፣ የኤዲርኔው የሁለተኛው ባየዚድ ደግሞ በ1488 ተከፍተዋል። በእነዚህ ቤቶች የአእምሮ ሕሙማን ይታከሙ ነበር። በኤዲርኔ የውኃ ድምፅና ዜማ ሳይቀር ለሕክምና ይውል ነበር። ከዚያም በፊት በዘጠነኛውና በአሥረኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አቡ ዘይድ አል-በልኺ የአካልንና የነፍስን ጤንነት በአንድ መጽሐፍ አስተባብረው ጽፈዋል፤ ሐዘንን፣ ፍርሃትንና ቁጣን ለይተው መድኃኒታቸውን መርምረዋል። ሆስፒታሎቹ ለዘመናት የቆሙት በወቅፍ ነው። የሱቅና የወፍጮ ኪራይ ለሕሙማን ቀለብና መድኃኒት እየተመደበ ነበር።

ሃይማኖታችንም ሕመምተኛውን አላዋረደም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አእምሮው የታወከ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ብዕር እንደተነሳለት ተናግረዋል፤ ኃጢአት አይጻፍበትም። በሱረቱ ኒሳእ 5ኛው አንቀጽ ገንዘቡን ማስተዳደር የማይችለው ሰው እንዲመገብ፣ እንዲለብስና በመልካም ቃል እንዲነገር ታዟል። ሕመም ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ነቢያችን አስተምረዋል። ግመልን አስሮ በአላህ መመካትንም አመልክተዋል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይኖቻቸው ነጡ፤ ይህ የኢማን ጉድለት ነው ያለ የለም። የሚጥል በሽታ የነበረባት አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ ቀርባ ዱዓ ጠየቀች። ብትታገሥ ጀነት እንደሚኖራት ሲነገራት ትዕግሥቱን መረጠች፤ ግን ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላት። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እርሷን እያመለከቱ ከጀነት ሰዎች መሆኗን ይናገሩ ነበር። በዚህ ሐዲስ ውስጥ የሕመምተኛዋ ክብር አብሮ መጠየቁን ልብ እንበል።

ለተማሪዎችና ለቤተሰቦች

እንግዲህ ለመምጣት ለሚያስቡ ልጆቻችን የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ. ሳትጋበዙ አትምጡ። በአካባቢው ከሚሠራ የጤና ባለሙያ ጋር አስቀድማችሁ ተጻጻፉ፤ የሚፈልገውን ከእርሱ ስሙ።

2ኛ. ካልተመረቃችሁበት ሙያ ራቁ። የሥነ ልቡና ተማሪ ሕመምን አይበይንም፤ መድኃኒት አያዝም፤ አይከለክልምም።

3ኛ. የሕመምተኛን ፎቶግራፍ አታንሱ። እስራቱንና እርቃኑን ለወዳጅ ማሳየት ምሥጢሩን ማውጣት ነው።

4ኛ. ስትሄዱ የሚቀጥል ነገር ትታችሁ ሂዱ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱም የአንድ ሕመምተኛ የዓመት መድኃኒት በጀመዓ እንዲሸፈን አድርጉ። ትንሽ ወቅፍ ማለት ይህ ነው።

ለቤተሰብ ደግሞ እንዲህ እንላለን። የታመመ ልጃችሁን ጓዳ አትደብቁት፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሩቅያና መድኃኒት አይጣሉም፤ ሁለቱም በአላህ ፈቃድ ይጠቅማሉ። ታማሚን መደብደብ፣ ማስራብና ማሰር ግን ሩቅያ አይደለም። ረመዷን ሲቃረብ ሐኪሙን ጠይቁ፤ መድኃኒቱ ወደ ሱሑርና ፊጥር ሊዛወር ከቻለ ይዛወር፤ ካልቻለ አላህ ለሕመምተኛ ፈቅዷልና አታስጨንቁት።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማንን ሁሉ ይማር፤ ለአስታማሚዎቻቸው ትዕግሥትን፣ ለሐኪሞቻቸው ዕውቀትን፣ ለልጆቻችንም የሚዘወተር መልካም ሥራን ይስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።